ጳጉሜንን የማያውቅ ማሽን

ሠናይት ስትቆጣ መናኸሪያው ሁሉ ይሰማል። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ከጎረቤላ መናኸሪያ አጥር ጋር ተለጥፋ የተሠራች ስለሆነች፣ የሚኒባስ ረዳቶች ተሳፋሪ መጥራታቸውን ያቆሙና «ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ነው?» ይባባላሉ። አንዳንዴ ማመልከቻ አጽፎ ሲያበቃ «እንዲያው የጎረቤቴን ስም አውጪልኝ፤ ታርቀናል» የሚል ሰው ላይ ነው። አንዳንዴ የአንኮበር ጭጋግ ላይ ነው። ጳጉሜን ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቁጣው የወረደው ኮምፒዩተሯ ላይ ነበር።

«ሆን ብለሽ ነው!» አለቻት፣ ማያውን በጣቷ እያንኳኳች። «ዓመቱን ሙሉ ስትሠሪ ከርመሽ የዛሬን ቀን ጠብቀሽ!»

ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ዓወል ነው፤ የአልዩ አምባ የማሽላና የሽንኩርት ነጋዴ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ያለ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ልጁ ሌይላ ናት። አባትና ልጅ ዳገቱን የወጡት ጎህ ሳይቀድ ነው። ሌይላ ለአዋላጅ ነርስነት ባመለከተችበት ኮሌጅ ስሟ መውጣቱን የሰሙት ትናንት ነበር፤ ወሬው ቆላ እስኪወርድ ቀኑ አልቋል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የፈተና ውጤቷንና መታወቂያዋን በስካነር አስነሥታ፣ በኮሌጁ ድረ ገጽ አስገብታ «እመጣለሁ» ካላለች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ሌላ መንገድ የለም። የማረጋገጫ ቅጹ የሚከፈተው በኮምፒዩተር ብቻ ነው። ዕለቱ ሩፋኤል ነውና ሌላው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ዘግቷል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ሚኒባስ በጠዋት ወጥቷል፤ ሌላ ቢገኝም በዚህ ጭጋግ ሰዓቱ ሳያልፍ አይደርስም። ሠናይትም የቄስ ልጅ ናት፤ በሩፋኤል ሱቅ ከፍታ አታውቅም። ዛሬ የከፈተችው ለሌይላ ነው።

ለሌይላ ደግሞ የሩፋኤል በዓል ቀርቶ ሌላም ትሽራለች። ከሰባት ዓመት በፊት ሠናይት ቀኑ የደረሰ ሆዷን ይዛ «ገና ነኝ» እያለች አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ ነበር። እናቷ አትሂጂ ብላታለች፤ ባሏ አትሂጂ ብሏታል፤ ስለዚህ ሄደች። ምጡ ገበያው መሀል ያዛት። ወደ ላይ የሚያወጣት መኪና ቢፈለግ መንገዱ ተደርምሷል። የዓወል ሚስት ጠይባ ናት ክንዷን ይዛ ቤቷ ያስገባቻት። ልጅቱ ማኅደረማርያም የተወለደችው በጠይባ እጅ ነው፤ መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ ባትሪ ይዛ ያበራችው ሌይላ ነበረች። ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። እጇ ግን ፈቀቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ማኅደረማርያምን የአልዩ አምባ ሰው «የጠይባ ልጅ» ነው የሚላት፤ ሌይላም ትምህርት ቤት ምን ትሆኛለሽ ሲሏት መልሷ አንድ ብቻ ሆነ።

እና አሁን ይህች ማሽን ድረ ገጹን አልከፍትም አለች።

«እትዬ ሠናይት፣ አትቆጪ» አለች ሌይላ። «ምናልባት ኔትወርኩ ነው።»

«ኔትወርኩን ተዪው፣ እሱን ሌላ ቀን ነው የምሰድበው። ዛሬ አለ።»

ስልኳን አነሣች። የስልኩ ማያ ተሰነጣጥቆ ግማሹ አይነካም፤ ያም ሆኖ ከኮምፒዩተሯ ጋር በገመድ ታስሮ ኢንተርኔት የሚያቀብላት እሱ ነው። በሚነካው ግማሽ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

ቴዎፍሎስ ደብረ ብርሃን አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው። ማሽኗንም ከሞት ያስነሣት እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሻጭ አገላብጦ አያትና «ይቺ ለቁርጥራጭ ብረት ካልሆነች ለምንም አትሆን» አለ። ሰው የራሱን አዲስ ዕቃ ለመሸጥ ሲል የሌላውን ደህና ዕቃ ሬሳ ይለዋል፤ ይህ ሸፍጥ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቴዎፍሎስ ግን ወሰዳትና ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫነባት፤ ያውም ከሲታውን። ጌጥ የለ፣ ሥዕል የለ፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ገፎ ገፎ ጥቁር ማያና ነጭ ጽሑፍ፣ መጻፊያ፣ ማተሚያና ድረ ገጽ መክፈቻ ብቻ አስቀረላት። ሠናይት መጀመሪያ ስታያት «ይቺን መንኩሳለች በለኝ» ነበር ያለችው። ቢሆንም ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ተማረች፤ መነኩሲቷም ስትሠራ ኖረች።

«እታለም» አለ ቴዎፍሎስ። ከጀርባው የሽመና ማሽኖቹ ይንጫጫሉ። «እንኳን አደረሰሽ።»

«የት አባቱ ደረሰ! ያመጣህልኝ ጉድ ደጅ ዘግታ ተቀምጣለች። የሌይላ ነገር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።»

«የጠይባ ሌይላ?»

«ሌላ ሌይላ አለችን?»

ጫጫታው ራቀ። ወደ ውጭ እንደወጣ ሠናይት ገባት። «እሺ» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ፤ «ከመጀመሪያ እንጀምር። ኢንተርኔቱን ጥሪና ይመልስልሽ እንደሆነ እይ።»

የመጥሪያውን ትእዛዝ ጻፈች። ነጫጭ መስመሮች እየተከታተሉ ወረዱ። «ይመልሳል። ከኔ ወንድም ይሻላል፣ ሲጠሩት ይመልሳል።»

«ደህና። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ድረ ገጹን ስትከፍቺ ምንድን ነው የሚልሽ?»

«አስተማማኝ አይደለም ይላል። እኔን ነው እንግዲህ አስተማማኝ አይደለሽም የምትለኝ፤ ይቺ ብረት!»

«ሌላስ?»

«ሌላ አሥር መስመር እንግሊዝኛ ቀባጥሯል። ምኑን ላንብብልህ?»

እዚህ ላይ ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። እሷ አላነበበችለትም፤ እሱም አንብቢ ብሎ አልተጫናትም። ነገር ግን በደሉ የሚጀምረው ከእነሱ በፊት ነው። ሰው በጨነቀው ሰዓት የሚያየውን የስህተት መልእክት፣ ለሚያየው ሰው ሳይሆን ለጻፈው ሰው ብቻ በሚገባ ቋንቋ የሚጽፉ አዋቂዎች አሉ። በሽተኛን በላቲን እንደመሳደብ ያለ ነገር ነው።

ቴዎፍሎስ ድረ ገጹን በራሱ ስልክ ሞከረው። የፊት ገጹ ተከፈተለት። «ኮሌጁ ደህና ነው። ችግሩ እኛው ጋ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል፤ ሲሞላባት ምንም አይሆንላትም።»

አየችው። እውነትም ጢም ብሏል፤ የሰው ሁሉ መታወቂያና የልደት ካርድ በስካነር እየተነሣ እዚያው ተከምሯል። ባለቤቱ ተረክቦ የሄደውን ሁሉ አጠፋች። ማተሚያውን ጠብቀው የተገተሩ አሮጌ ሥራዎችንም አባረረች። ማሽኗ ቀለል አላት፤ ድረ ገጹ ግን ያው ነው። መክፈቻውን ዘግታ ከፈተች። ያው ነው። የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል ሌይላ እያነበበችላት ደግማ ጻፈች። ያው ነው።

ሌይላ ውጤቷን የያዘችበትን ፕላስቲክ ጠቅልላ ትፈታለች፤ ፈትታ ትጠቀልላለች። ዓወል ይህን አየና «ሠናይት ልጄ» አለ ቀስ ብሎ፤ «አላህ ያላለው ከሆነ ግድ የለም። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል። የመጣነው ውለታ ልናስከፍል አይደለም።»

ይህ አነጋገር ሠናይትን ከማሽኗ ይልቅ አናደዳት።

«ጋሽ ዓወል፣ እንዲህ አይበሉኝ! ጠይባ ያኔ ምጤ ሲበረታ አላህ ካላለው ግድ የለም ብላ ወደ ገበያዋ ተመለሰች? ጉልበቴን ይዛ ግፊ እያለች አልነበር የምትጮህብኝ? እኔም እገፋለሁ!»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ሰማዩ አጉረመረመና የሩፋኤል ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የመናኸሪያው ሰው «እሰይ! እሰይ!» እያለ ራሱን ሊያስመታ ወደ ውጭ ወጣ። የዛሬው ዝናብ ጠበል ነው። መብራቱ ግን ጠበሉን አልቻለውም፤ እልም አለ። ማሽኗም አብራ ጠፋች።

ቤቱ ጨለም አለ።

«ጠፋ?» አለ ቴዎፍሎስ ከስልኩ።

«ጠፋ» አለች ሠናይት። የዚህን ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ረዳቶቹ ቢሰሙ ይደነግጡ ነበር። ወደ ሌይላ ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ልጇ ማኅደረማርያም አሁን አያቷ ቤት ጓሮ ራሷን በዝናብ እያስመታች እንደሆነ አሰበች። ያቺን ልጅ የተቀበለ ቤት አንድ ቀን አንድ ነገር ጠየቃት፤ ያውም እየተሳቀቀ ጠየቃት።

ዝናቡ እንዳባራ መብራቱ ተመለሰ። ሰዓቱ ግን ሄዷል። ሠናይት ማሽኗን አስነሣች፤ ስትነሣም ከሰሞኑ የለመደችውን ሥራ ጀመረች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለ ቴዎፍሎስ የቁልፎቹን ድምፅ ሰምቶ።

«ቀኑን ነዋ። ነሐሴ ሃያ ስምንት መብራት ጠፍቶ ስትመለስ ድሮ ያለፈ ዘመን ላይ ቆማ አገኘኋት። እኔ ቀኑ በተዛባ ማሽን ደብዳቤ አልጽፍም፤ ያስተማርከኝን ትእዛዝ ሰጥቼ አስተካከልኳት። ዛሬም ያው ተመልሳ ጃጅታለች።» ጽፋ ጨረሰችና ቁልፉን መታች። ከዚያ ጮኸች። «ይኸው! ይኸው! አሁን ደግሞ ቀኑንም አልቀበልም አለች! ልክ ያልሆነ ቀን ነው ትላለች!»

«ምን ብለሽ ነው ያስገባሽው?»

«ጳጉሜን ሦስት! አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ሦስተኛው ቀን! ነሐሴን ተቀብላኝ ነበር፤ ጳጉሜን ስላት አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም ትለኛለች። ጳጉሜንን የማያውቅ ማሽን ነው የሰጠኸኝ!»

ቴዎፍሎስ ሊመልስ ሲል ዓወል እጁን ከፍ አደረገ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ።

«እኔ እንኳን ማሽን አላውቅም፤ ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ። እኛ ቤት ዓመት የሚቆጠረው በሁለት ነው። ለገበያው በናንተ፣ ለጾምና ለመውሊድ በሒጅራ። አሁን መውሊድ አለፈ አይደል? ሒጅራው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜን የሚባል አያውቅም። እና ይቺ ማሽን ጳጉሜን የለም ካለች…» ትንሽ አፈረ። «በሒጅራ ይሆን እንዴ የምትቆጥረው?»

«ኧረ አባዬ!» አለች ሌይላ ፊቷን በሻሿ ሸፍና።

ከስልኩ የቴዎፍሎስ ሳቅ ፈነዳ፤ ስልኩን እስኪጥል የሚስቅ ነው የሚመስለው።

«አንተ! የምን ሳቅ ነው?»

«ጋሽ ዓወል፣ እግዜር ይስጥልኝ! እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቀኑን ስታስገቢ ዓመቱን ስንት ነው ያልሽው?»

«ስንት እላለሁ? 2017 ነዋ! ደብረ ብርሃን ሌላ ዓመት ገባ?»

«ማሽኗ የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው። በሷ ቤት ዘንድሮ 2025 ነው። አንቺ ነሐሴ ብለሽ አሥራ ሁለተኛውን ወር ስትነግሪያት፣ እሷ የነሱ ታኅሣሥ መሰላት፤ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደች። ዛሬ ጳጉሜን ባይሆን ኖሮ ደግማ ዝም ብላ ትቀበልሽ ነበር።»

«እና ብትሄድስ? ኮሌጁ ምን አገባው?»

«ድረ ገጹ ደጇ ሲደርስ የማንነት ወረቀት ያሳያታል። ወረቀቱ ላይ የወጣበት ቀን አለ፤ የዘንድሮ ነው። ማሽንሽ ግን ከስምንት ዓመት በፊት ላይ ናት። ገና ወደፊት የሚጻፍ መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው ቢገጥምሽ አንቺ ደጅሽን ትከፍችለታለሽ?»

«ዱላ ነው የማነሣለት!»

«እሷም ዱላ ነው ያነሣችው። አንቺን ልትጠብቅ ብላ።»

ሠናይት ወደ ልማዷ ተመለሰች። «ቆይ፣ ቆይ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ልትለኝ ነው? አሥራ ሦስት ወር ቆጥሮ የሚኖር አገር እያለ፣ ዓለም ሁሉ በፈረንጅ ይቆጥራል ብለው ማሽን ሲሠሩ ማንን ጠየቁ? በየትኛው ዘመን ነው ብላ ብትጠይቀኝ ምን ይጎድልባት ነበር?»

በዚህ ነገር ልክ ናት፤ ሳቅ አያስተባብለውም።

«እውነትሽን ነው» አለ ቴዎፍሎስ። «የኔም ጥፋት አለበት። ሰዓትን ከኢንተርኔት እየጠየቀ የሚያስተካክል ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ክብደት እቀንሳለሁ ብዬ ገፈፍኩት። የሰዓት ባትሪዋም ሞታለች። እሑድ ሁለቱንም ይዤልሽ እመጣለሁ። አሁን ግን ቀኑን በፈረንጅ ስጫት። ዛሬ በነሱ ስንት ነው?»

ሁሉም ግድግዳውን አዩ። ከበሩ በላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ትልልቁን የአገር ቁጥር ይዟል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ደግሞ ቅንጣት የምታህል የፈረንጅ ቁጥር አለች። ሠናይት ዓመቱን ሙሉ ከሥሩ ስትቀመጥ ያቺን ቅንጣት አይታት አታውቅም። ሌይላ አግዳሚው ላይ ወጣች።

«ስምንት ይላል፣ እትዬ። ወሩ ሴፕቴምበር።»

«ዘጠነኛ ወር» አለ ቴዎፍሎስ። «ሰዓቱስ?»

«አሥር ሰዓት አልፏል፤ ሃያ» አለች ሠናይት።

«አሥራ ስድስት ከሃያ በያት።»

«ምን? ሰዓቱም የሌላ ነው?»

«እታለም፣ በእመቤቴ! በኋላ ትሰድቢያቸዋለሽ፤ አሁን ጻፊ!»

ጻፈች። ቁልፉን ከመምታቷ በፊት ሌይላን አንድ ጊዜ አየቻት። መታችው። ማሽኗ ቀኑን ምንም ሳትከራከር ተቀበለች። የስልኩን ገመድ ነካክታ አጸናችና የኮሌጁን አድራሻ ሰጠቻት። መጀመሪያ ነጭ ሆነ። ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ዳገት እንደሚወጣ ጭነት እያቃሰተ፣ የኮሌጁ አርማ፣ ከዚያ ጽሑፉ፣ ከዚያ ስም መጻፊያው መጣ።

ዓወል «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ሠናይት «ተመስገን» አለች፤ አንድ ላይ ወጣ።

«ገና ነው፣ ገና ነው! ማንም እንዳይተነፍስ!» አለች መልሳ፣ ራሷ ይበልጥ እየተነፈሰች። የሌይላን ቁጥር አስገባች። ውጤቷን በስካነር አንሥታ ጫነች። መታወቂያዋን ጫነች። ኔትወርኩ እየቆመ እየሄደ አስጨነቃቸው፤ ረዳቶቹ እንኳ በር ላይ ተደርድረው ያያሉ፣ አንዱ «ግፊ፣ ግፊ!» ይላል፣ ምን እንደሚባል ሳያውቅ። ሌይላ የመጨረሻውን ቁልፍ ራሷ መታችው። አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ፤ ቦታሽ ተረጋግጧል፣ ይላል።

ሌይላ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ የሠናይትን ትከሻ ሳመች፤ ሠናይትም የሌይላን እጅ ያዘች፤ ያንን ያኔ ባትሪውን ይዞ ፈቀቅ ያላለውን እጅ። 

«ጠይባ ትስማ» አለች። «ቶሎ ደውሉላት፤ እሷ ሳትሰማ አልሆነም።»

ዓወል ስልኩን አውጥቶ ደወለ። የጠይባ እልልታ ከቆላ እስከ ጎረቤላ ያለ ስልክም የሚሰማ ነበር። ሠናይት ስልኩን ስትቀበል «እግዜር ይስጥልኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ጠይባ ግን ቀደመቻት።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ልጄን አዋለድሽልኝ!»

«እኔ አይደለሁም» አለች ሠናይት፤ ዓይኗ ሞልቷል፤ «ባልሽ ናቸው። ጋሽ ዓወል ባይጠይቁ እኔ እስካሁን ብረት ስሰድብ ነበር። ቴዎፍሎስም ነው። መብራቱም ነው፤ ባይጠፋ ኖሮ ምኑም አይገለጥም ነበር። ለጠፋ መብራት አመሰግናለሁ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ አመሰገንኩ።»

«ለኔስ?» አለ ቴዎፍሎስ፤ የሠናይት ስልክ አለመዘጋቱን ሁሉም ረስተውት ነበር።

«ላንተ እሑድ። ባትሪውን ይዘህ ና፤ ከዚያ እንደ ሥራህ እናያለን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቴዎዬ፣ ኑርልኝ» አለችው።

ውጭ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። አባትና ልጅ ዛሬ ቆላ አይወርዱም፤ ማኅደረማርያም እንግዳ ስታይ እንዴት እንደምትዘል ሠናይት ከወዲሁ ታያት። ሱቋን ከመዝጋቷ በፊት ማሽኗ ፊት ቆመች።

«በይ እሺ» አለቻት። «አንቺም ዘበኛ ነበርሽ። ጳጉሜንን ባታውቂም ይቅር ብዬሻለሁ፤ እስከሚመጣው ጳጉሜን ብቻ።»

በረንዳው ላይ ሰው ሁሉ እጁን ለዝናቡ ዘርግቷል። ሌይላ ከበሩ ቆማ ታያለች።

«ሩፋኤል ምጥ የያዛትን ሴት የሚረዳ መልአክ ነው ይላሉ እኛ ዘንድ» አለቻት ሠናይት። «የሥራ ባልደረባሽ ነው እንግዲህ።»

ሌይላ አባቷን አየች።

«ዝናቡ የአላህ ነው» አለ ዓወል፣ ኮፍያውን እያጠለቀ። «ዘርጊ እጅሽን።»

ሌይላ እጇን ዘረጋች።